እሳት የሌለበት እሳተ ገሞራ

በአማርኛ የሚወጡ የሳይንስ ዜናዎች ስለ ሩቆቹ ፕላኔቶች ጨረቃዎች ሲያወሩ የሚመዙት አንድ ቃል ነው። በጁፒተር ጨረቃ በአዮ ላይ የቀለጠ አለት ሲገነፍል «እሳተ ገሞራ» ይባላል። በሳተርን ጨረቃ በኤንሴላደስ ላይ ከበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ጨዋማ ውሃ ሲስፈነጠር እሳተ ገሞራ ይባላል። የኔፕቲዩን ጨረቃ ትራይተን ከዜሮ በታች 235 ዲግሪ በደረሰ ብርድ ውስጥ ናይትሮጅን ስትተፋም ያው እሳተ ገሞራ ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች፣ ከሦስት የተለያዩ ምክንያቶች የመነጩ፣ በአንድ ስም ይጠራሉ። አንባቢው የሚደርሰው ሥዕልም ሁልጊዜ አንድ ይሆናል፤ ቀይ ነበልባል፣ ጥቁር ጢስ፣ ቁልቁል የሚወርድ ፍም። ከሦስቱ በሁለቱ ዘንድ ግን እሳት ቀርቶ ለብ ያለ ድንጋይ እንኳ ከላይ አይታይም።

ለዚህ አጻጻፍ ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች መከራከሪያቸው አጭር ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው ቃል እሳተ ገሞራ ነው፤ የዜና ዓምድ ጠባብ ነው፤ በአዲስ ቃል አንባቢን ከማደናገር የለመደውን መስጠት ይሻላል ይላሉ። ንግግሩ ለአንባቢ የተቆረቆረ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገለጥ ግን አንባቢን የሚንቅ ነው። ውርጭን ከአመዳይ፣ አመዳይን ከበረዶ፣ ጉምን ከጢስ፣ ጢስን ከእንፋሎት ለይቶ የሚጠራ ሕዝብ የቀለጠ ድንጋይን ከሚስፈነጠር ውሃ መለየት ያቅተዋል ብሎ መፍረድ ከየት የመጣ ነው? ልዩነቱን ያላወቀው አንባቢው ሳይሆን የእንግሊዝኛውን ዜና በችኮላ ገልብጦ ወደ ማተሚያ ቤት የሰደደው ጸሐፊ ነው። እርግጥ እንግሊዝኛውም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለም፤ የሮማውያንን የእሳት አምላክ የቩልካንን ስም ተሸክሞ እስከ ኔፕቲዩን ድረስ ይዞራል። ነገር ግን ቢያንስ ቅዝቃዜን የሚያመለክት የግሪክ ቅጥያ ከፊቱ ለጥፎ አንባቢውን ያስጠነቅቃል። አማርኛው ሲተረጎም ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ይወድቅና እሳቱ ብቻ ይደርሳል።

የሚያስገርመው ቃሉ ራሱ መጥፎ ቃል አለመሆኑ ነው። እሳተ ገሞራ ማለት የገሞራ እሳት ማለት ነው፤ ከኦሪት ዘፍጥረት የተቀዳ፣ በግእዝ አገባብ የተናበበ ስም ነው። በኦሪቱ ታሪክ በሰዶምና በገሞራ ላይ ድኝና እሳት የዘነበው ከሰማይ እንጂ ከምድር ሆድ የወጣ አልነበረም። ቃሉን በምድር ላይ ላሉት ተራሮች የሰጡት አባቶች እንግዲህ አቅጣጫውን ገልብጠውታል ማለት ነው። አዮ ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ወደ ጥንተ ትርጉሙ ይመለሳል። በዚያች ጨረቃ ላይ ድኝ በእውነት ከሰማይ ይዘንባል። ከፍንዳታዎቹ የሚወጣው ድኝና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በትልልቆቹ ዘንድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋና፣ ቀዝቅዞ ደርቆ እንደ አመዳይ መሬቱን ያለብሰዋል። የአዮ ገጽታ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይና ነጭ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እሳተ ገሞራ የሚለው ስም ከመላው ሥርዓተ ፀሐይ አንድ ቦታ ብቻ ይሰጠው ቢባል ከአዮ የተሻለ ባለመብት አይገኝም።

ታዲያ በአዮስ ላይ ቢሆን ስሙ ምክንያቱን ይናገራል ወይ? አይናገርም፤ ትልቁ ጥፋት ያለውም እዚህ ላይ ነው። አዮን ጋሊሌዮ ያያት እ.ኤ.አ. በ1610 ነው። ስፋቷ 3,640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከእኛዋ ጨረቃ እምብዛም አትበልጥም። የእኛዋ ጨረቃ ውስጧ በርዶ ፍንዳታዋ ካቆመ ብዙ ዘመን ስለሆነ አዮም እንደዚያችው የበረደች መሆን ነበረባት። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1979 ግን ስታንተን ፒል፣ ፓትሪክ ካሰንና ሬይ ሬይኖልድስ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ተቃራኒውን ጻፉ። ስሌታቸው የተመሠረተው በቀላል ነገር ላይ ነው። አዮ ጁፒተርን አራት ጊዜ ስትዞር ዩሮፓ ሁለት ጊዜ፣ ጋኒሜድ አንድ ጊዜ ይዞራሉ። ሁለቱ ጎረቤቶች በተመሳሳይ ሥፍራ እየደጋገሙ ስለሚጎትቷት የአዮ ምሕዋር ክብ ሆኖ ሊያርፍ አይችልም፤ ለጁፒተር አንዴ ትቀርባለች፣ አንዴ ትርቃለች። ስትቀርብ የጁፒተር ስበት ይለጥጣታል፤ ስትርቅ ይለቃታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለት ቀን በማይሞላ ዙር ውስጥ ነው። በሞምባሳ ወይም በጅቡቲ ዳርቻ የሚኖር ሰው የባሕሩ ውሃ በየዕለቱ ሲሞላና ሲጎድል ያያል፤ ያ የጨረቃ ስበት ሥራ ነው። በአዮ ላይ ግን የሚሞላውና የሚጎድለው ውሃ አይደለም፤ ደረቁ መሬት ራሱ እስከ 100 ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል። ሽቦ ደጋግሞ ያጠፈ ሰው የታጠፈው ቦታ ጣት እንደሚያቃጥል ያውቃል። አዮ የምትቀልጠው እንዲህ ስትታሽ ነው።

ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር በአዮ አጠገብ ያለፈችው ጽሑፉ በታተመ በሦስተኛው ቀን ነበር። ማርች 8 ቀን ሊንዳ ሞራቢቶ የምትባል የበረራ አቅጣጫ ባለሙያ፣ ለመንገድ ፍለጋ የተነሣ ፎቶግራፍ ስትመረምር ከጨረቃይቱ ጠርዝ ላይ የተነሣ ጃንጥላ መሳይ ደመና አየች። በሌላ ዓለም ላይ የሚፈነዳ ገሞራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያን ዕለት ነው። በሥነ ፈለክ ታሪክ ውስጥ ትንበያ በስድስት ቀን ውስጥ በዓይን ሲረጋገጥ ማየት እጅግ ብርቅ ነው፤ እንዲህ ያለውን ታሪክ ይዞ «በአዮ ላይ እሳተ ገሞራ ተገኘ» ብቻ ብሎ ማለፍ ሠርግ ጠርቶ ውሃ አጠጥቶ እንደመስደድ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ በአዮ ላይ ወደ 400 የሚጠጉ ገሞራዎች ተቆጥረዋል። ጁኖ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2024 በደቡባዊው ክፍል 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የጋለ ሥፍራ አይታለች፤ ይህ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት አንድ አሥራ አንደኛ ያህል መሆኑ ነው። በዚያው ወር የታተመው ሌላው የጁኖ ልኬት ደግሞ ከአዮ ቅርፊት ሥር መላዋን የሚያዳርስ የቀለጠ ውቅያኖስ አለ የሚለውን የቆየ ግምት ሳይደግፈው ቀርቷል። ነገሩ ገና ያላለቀ ክርክር ነው፤ አንባቢም ክርክሩን የመስማት መብት አለው።

እግረ መንገድን አንድ ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በአዮ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ሜዳማ ከፍታ አለ። በግሪኮች ተረት አዮ ወደ ጊደርነት ተለውጣ አገር ላገር የተንከራተተች ልጃገረድ ናት፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ማኅበር የጨረቃይቱን ተራሮችና ከፍታዎች የሰየመው እሷ በረገጠቻቸው አገሮች ስም ነው፤ ካውካሰስም፣ ግብፅም፣ ኢትዮጵያም እዚያ አሉ። ይህ የግሪኮች ኢትዮጵያ እንጂ የዛሬዋ አለመሆኑ ግልጽ ነውና በደስታ ባንዲራ የሚተክል አይኖርም ተብሎ ይታመናል። የእውነተኛው ዝምድና በስም ሳይሆን በድንጋይ ነው። በአፋር ምድር የሚገኘው ኤርታ አሌ በላዩ የቀለጠ አለት ሐይቅ ለብዙ ዓመታት ይዞ በመቆየት ከታወቁት ጥቂት የዓለም ተራሮች አንዱ ነው። አዮን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሙቀት መለኪያቸውን ተሸክመው እዚያ ድረስ የወጡት የሩቁን በቅርቡ ለመለካት ነው። ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ድንገት ፈንድቶ አመዱን ከቀይ ባሕር ማዶ ሲሰድድም፣ የአፍዴራ አካባቢ አርብቶ አደር የግጦሽ መሬቱ በአመድ ተሸፍኖ ሲያድር፣ ነገሩ ከሩቅ ሰማይ ወሬ በላይ መሆኑ ታይቷል። ስለዚህ «የጁፒተር ጨረቃ ለእኛ ምናችን ነው» ለሚሉት መልሱ ረጅም አይሆንም፤ የሚጠኑበት መሣሪያም ሕግም አንድ ነው።

አሁን ወደ ሳተርን ይታለፍ፤ ቃሉ ፈጽሞ የሚከዳው እዚያ ነውና። ኤንሴላደስ ስፋቷ 504 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች፣ ከበረዶ የተሠራች፣ በጣም ነጭ ጨረቃ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በደቡብ ዋልታዋ አራት ረጃጅም ስንጥቆች አየች፤ ከስንጥቆቹም የውሃ እንፋሎትና የበረዶ ብናኝ ወደ ጠፈር ሲረጭ ተመለከተች። ካሲኒ በኋላ በዚያ ርጭት መካከል ደጋግማ አልፋ ቀምሳዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጨው ተገኘበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ከበረዶው ሥር ጨረቃይቱን የሚያካልል ውቅያኖስ እንዳለ ከውዝዋዜዋ ተሰላ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃይድሮጅን ተዘገበ፤ ይህም በውቅያኖሱ ወለል ላይ ሙቅ ውሃና ድንጋይ እየተነካኩ ለመሆናቸው ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ፎስፌት መኖሩ ታወቀ። የዚህ ሁሉ የሙቀት ምንጭ የአዮው ዓይነት መታሸት ነው፤ እዚህ አገር የሚያሸው ሳተርን፣ ምሕዋሯ ክብ እንዳይሆን የምትጎትታት ደግሞ ዳዮኒ የተባለችው ጨረቃ ናት።

«በኤንሴላደስ ላይ እሳተ ገሞራ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከዚህ ሁሉ ውስጥ የቱን ያስተላልፋል? ውሃውን አያስተላልፍም። ውቅያኖሱን አያስተላልፍም። ጨረቃይቱን ለሳይንስ ውድ ያደረጋት ውሃው ነው፤ የአማርኛው ዜና ግን በውሃው ምትክ እሳት ያቀርባል። በድህነት የተነሣ አንድን ነገር ከነጭራሹ አለመናገር ይቅርታ ያሰጥ ይሆናል፤ ውሃን እሳት ብሎ መጥራት ግን ስሕተት ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ።

ከዚህ ስሕተት ደግሞ ሌላ ይወለዳል። ጸሐፊው ውሃውን በአንደኛው ዓረፍተ ነገር ስለጣለው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ «ሕይወት» የሚለው ቃል ያለ ምንም ድልድይ ዘሎ ይገባል። አንባቢው ከእሳት ወደ ሕይወት እንዴት እንደተደረሰ አይገባውምና «ሳይንቲስቶች ሕይወት አገኙ» ብሎ ይደመድማል። ማንም ሕይወት አላገኘም። የተገኘው ሕይወት ሊኖርበት የሚችል ሁኔታ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ወደ ሳተርን መሄድ አያስፈልግም፤ ዳሎል ይበቃል። ዳሎል ውሃ አለው፣ ሙቀት አለው፣ ጨውና ማዕድን አለው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ከዚያ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አግኝቻለሁ ሲል፣ ሌላ ቡድን በዚያው ዓመት አሲዱና ጨው ከመጠን ባለፈባቸው ኩሬዎች ውስጥ ሕያው ነገር የለም ብሎ ጻፈ። በእግር በሚደረስበት፣ በብልቃጥ በሚቀዳበት ሥፍራ እንዲህ ያለ ሙግት ካለ፣ ከአንድ ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስላለ ውቅያኖስ በአንድ ርዕስ መፍረድ ድፍረት ነው።

ስለ ትራይተን ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቮዬጀር 2 እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1989 ስታልፍ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚወጡ ጥቋቁር የጋዝ ዓምዶች አየች፤ ከዚያ ወዲህ ጎብኚ አልሄደባትም። ዓምዶቹን ለማስረዳት በሰፊው የሚጠቀሰው ሐሳብ የፀሐይ ብርሃን ጥርት ባለው የናይትሮጅን በረዶ ውስጥ ዘልቆ ከሥሩ ያለውን ያሞቀዋል፣ የተነነው ጋዝም ሽፋኑን ሰብሮ ይወጣል የሚል ነው። ይህ እውነት ከሆነ የትራይተን ፍንዳታ ከውስጥ የመጣ ሙቀት እንኳ የለውም። እሳቱም ገሞራውም የፀሐይ ነው ማለት ነው!

እንግዲህ ምን ይባል? እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ወገን እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፈን እንሂድ፣ «ክራዮቮልካኒዝም» እንበል ይላል። ይህ ቢያንስ አይዋሽም፤ ነገር ግን ምንም አይናገርም። ኦክስጅንና ሃይድሮጅን እንደ ስም ገብተው ለምደዋል፤ የአንድን ነገር አሠራር የሚገልጽ ቃል ግን ሲነበብ ራሱን ካላስረዳ በገጹ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ወገን ወደ ግእዝ ይሮጣል። «ቁረ ገሞራ» የሚል ስም ቢያቀርብ ለጆሮ ያምራል፤ ትርጉሙ ግን የገሞራ ብርድ ማለት ይሆናል። ገሞራ በብርድ የጠፋችበትን መጽሐፍ ያነበበ ካለ ይንገረን። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በዘመኑ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት ብዙ ደክሟል፤ ከዚያ ድካም ሕዝብ ዘንድ የዘለቁት በአብዛኛው ሰሚው ሥራቸውን ያወቃቸው ቃላት ናቸው። የተቀሩት በመዝገቡ ውስጥ በክብር ተቀምጠዋል።

መፍትሔው ከሁለቱም የቀረበ ነው። «ገሞራ» የሚለው ቃል ብቻውን ከከተማይቱም ከእሳቱም ከተላቀቀ ቆይቷል። ባለቅኔው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «ገሞራው» የሚለውን የብዕር ስም ሲይዝ ማንም ሰው ስለ ድኝና ስለ ፍም አላሰበም፤ ታምቆ ኖሮ ከውስጥ የሚገነፍል ነገር መሆኑን ሁሉም ተረድቷል። ያ ትርጉም ለሳይንሱ ልክ የሚሆነው ነው፤ ታምቆ ከውስጥ የሚገነፍል። እንግዲያው የአዮና የኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ እንደ ነበረ ይቀጥል። የኤንሴላደስ «የውሃ ገሞራ» ይባል። በታይታን ላይ እንዳለ የሚጠረጠረውና ገና ያልተረጋገጠው፣ ውሃና በረዶ እንደ ጭቃ ተቀላቅሎ ሲፈስ «የበረዶ ገሞራ» ይባል። የትራይተኑ ገሞራ መሆኑ ራሱ ስለሚያጠራጥር «ተስፈንጣሪ ጋዝ» ይበቃዋል። አንድም አዲስ ቃል አልተፈጠረም፤ ያሉት ቃላት ቦታቸውን ያዙ እንጂ።

ይህም ለሩቁ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በታንዛንያ የሚገኘው ኦልዶኒዮ ሌንጋይ የሚያፈስሰው ቅልጥ አለት ሙቀቱ ከሌሎቹ ተራሮች ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ በቀን ብርሃን ሲታይ ጥቁር ጭቃ እንጂ ፍም አይመስልም። ዳሎልም ቢሆን በገጸ ምድሩ የሚተፋው ቅልጥ አለት አይደለም፤ የሚያፈልቀው ጨውና አሲድ ያዘለ ፍል ውሃ ነው። እሳት ያልታየበትን ሁሉ ገሞራ አይደለም የሚል፣ ገሞራ የሆነውንም ሁሉ እሳት ነው የሚል ሰው፣ የራሱን ሰፈር እንኳ በትክክል መግለጽ አይችልም።

የቀረው የቦታ ጥበት ክርክር ነው። ዩሮፓ ክሊፐር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2024 ተነሥታ ጉዞ ላይ ናት፤ ጁፒተር ዘንድ ትደርሳለች ተብሎ የሚጠበቀው በ2030 ነው። ሐብል የተባለው ቴሌስኮፕ ከዩሮፓ ላይ እየተረጨ ይሆናል ብሎ ያመለከተው የውሃ እንፋሎት እውነት መሆን አለመሆኑ በዚያ ጊዜ ይጣራ ይሆናል። እውነት ሆኖ ከተገኘ የዜና ክፍሉ ተረኛ ተርጓሚ ከፊቱ ሁለት ርዕሶች ይኖሩታል፤ «በዩሮፓ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ሕይወት ተገኘ» የሚል አንድ፣ «ከዩሮፓ በረዶ ሥር ውሃ ሲወጣ ታየ» የሚል አንድ። ሁለቱም ስድስት ስድስት ቃል ናቸው።